ለአባዬ የመላጫ ብሩሽ ልገዛ ሄጄ ጢም አብቅዬ ተመለስኩ

ዛሬ ሰቆጣ ገበያ ላይ ጢም ያላት ሴት ታየች የሚል ወሬ ደርሷችኋል?

አትደንግጡ። ሼርም አታድርጉ።

እኔ ነኝ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እየበላችሁ ከሆነ ግን ጉርሻውን መጀመሪያ ዋጡ፣ ትን እንዳይላችሁ።

ነገሩ የተነሳው ከአባዬ ጉንጭ ነው። አባዬ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር ቤት ገብቶ ጢሙን ተላጭቶ አያውቅም። "ጉሮሮዬን ለሰው ምላጭ አልሰጥም" ይላል። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ መስታወቱን ምስማር ላይ ይሰቅላል፣ ሳሙናውን በብሩሽ ያሽከረክራል፣ ፊቱን በአረፋ ይለቀልቃል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይላጫል። መሃል ላይ ማናገር ክልክል ነው። ቤቱ ቢቃጠል እንኳን ተላጭቶ እስኪጨርስ ይጠበቃል።

ታዲያ ያ ብሩሽ አረጀ። ጠጉሩ እየረገፈ እየረገፈ ከአባዬ ቀድሞ መላጣ ሆነ።

መቼ? ሽማግሌ ሊመጣ ሲል!

አዎ፣ ነገ ለእኔ ሽማግሌ ይመጣል። (እልል በሉ እንጂ! ምን ዝም ትላላችሁ?) ላኪው ሙሌ ነው፣ የጽጽቃው ልጅ፣ የምታውቁት። አባዬ ደግሞ "ጢሜ ተንጨባሮ ሽማግሌ ልቀበል? ተቸግሮ ነው ልጁን የሚሰጠው እንዲሉኝ?" ብሎ ክችች አለ።

"እኔ እገዛልሃለሁ!" አልኩ።

ምላሴን በቆረጠው።

እኔ ብሩሽ ሁሉ ብሩሽ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ የገዛሁት ደረቅ ነበር። አባዬ ጉንጩ ላይ አንዴ አዞረውና "ይሄ የበቅሎ ማበጠሪያ ነው" አለ። ፊቱ ቶሎ ይቆጣል፣ ወዲያው በርበሬ መሰለ። ቀጥሎ መጠየቅ የሌለበትን ጠየቀ።

"የምን ጠጉር ነው?"

እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ። ያልተጠየቅኩትን እንኳን የምመልስ ሰው ነኝ። ካርቶኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ባልፈለግኩት!

"የ... አሳማ ይላል።"

አባዬ የቄስ ልጅ ነው።

ተነሳ። ፊቱን ታጠበ። ደግሞ ታጠበ። ከዚያ እማዬን "ጸበል አለ?" አላት።

ሁለተኛው ከሰው ሠራሽ ነገር የተሠራ፣ ጥጥ የመሰለ ነበር። እኔ ስዳብሰው እንቅልፌ መጣ። አባዬ ሳሙናው ላይ ጫን ሲያደርገው ግን ጠጉሩ ራሱ ተኛ። አረፋ የለ፣ ምን የለ።

"ጥጃ ነው እንዴ የሚልሰኝ?" አለ።

"እሺ ምን ዓይነት ነው የምትፈልገው?"

"ቆም የሚል። ግን የማይወጋ።"

"ሱቅ ውስጥ በምን አውቀዋለሁ?"

"ጉንጭ ያውቃል።"

ጉንጭ ያውቃል! ይቺ ቃል ናት ዛሬ ጉድ የሠራችኝ።

ትናንት ማታ ደግሞ ቪዲዮ አየሁ። (ቪዲዮ አይቶ ያልተዋረደ ማን አለ?) ሰውዬው "ብሩሽ ደረቁን በመዳፍ ዳብሶ መግዛት ትልቅ ስህተት ነው" ይላል። ጠጉሩ ውሃ ሲጠጣ ጸባዩ ይቀየራል አሉ። ደረቅ ሆኖ ሲኮሳተር የነበረው ሲርስ ይለሰልሳል፣ ለስላሳ የመሰለው ደግሞ ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ ማርጠብ፣ አረፋ ማስነሳት፣ ፊት ላይ መሞከር።

እሺ! ፊት አለኝ!

ዛሬ ገበያው ግጥም ብሏል። ከሚስማር እስከ ጡጦ የሚሸጡት ጋሽ ምትኩ ሱቅ ገባሁ። ያላቸውን ብሩሽ ሁሉ አውጥተው ደረደሩልኝ። ውሃና ሳሙና ጠየቅኳቸው።

"ምን ልታደርጊበት?"

"ልሞክረው።"

"የት?"

"ጉንጬ ላይ።"

ትክ ብለው አዩኝና "እንግዲህ ጉንጩ ያንቺ ነው" አሉ።

የመጀመሪያው ወጋኝ። ሁለተኛው ተኛ። ሦስተኛውን ሲሰጡኝ "የፍየል ጠጉር ነው፣ በማርያም" አሉ፤ የአሳማውን ነገር ነግሬያቸዋለሁ።

እናንተዬ!

ጫን ስለው ቆም ይላል። ሳዞረው እሺ ይላል። አረፋው እንደ ወተት ገነፈለ። ከግራ ጉንጬ ወደ ቀኝ፣ ከቀኙ ወደ አገጬ፣ ከአገጬ ከአፍንጫዬ ሥር። ማቆም አቃተኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስፓ ገብቼ አላውቅም፣ ግን ከዚህ አይበልጥም።

"እሱ ነው! እሱ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ከኋላዬ የአንዲት ሴት ድምፅ በኽምጣንጋ "ምን ሆና ነው ይቺ ልጅ?" አለ።

ኽምጣንጋ መናገር ላይ ሰነፍ ነኝ፤ መስማት ግን ጥርት አድርጌ እሰማለሁ። ጋሽ ምትኩ በዚያው ቋንቋ "የጢም መላጫ ብሩሽ እየመረጠች ነው" ብለው መለሱ።

ጋሽዬ! "ለአባቷ" የምትለዋን ቃል ምን ዋጣት?

ዞርኩ።

የሙሌ እናት!!!

እማማ ትርንጎን በአካል አግኝቻቸው አላውቅም። ግን ሙሌ ስልኩን በከፈተ ቁጥር ፎቷቸው ይታያል፣ እንዴት እስታለሁ? ለነገው ጉዳይ ከጽጽቃ መጥተው እህታቸው ቤት እንዳረፉም አውቃለሁ። ገበያ እንደሚወጡ ግን ማን ነገረኝ?

እሳቸው አላወቁኝም። ሙሌ ያሳያቸው ፎቶዬ ፊልተር ያለው ነው። በፊልተር ያዩኝ ሴትዮ በሳሙና በምን ያውቁኛል?

ጠጋ አሉኝ። ክንዴን ያዙ። በአማርኛ፣ በዚያ በሚያምር የዋግ አነጋገራቸው፣ "አይዞሽ የኔ ልጅ። ፈጣሪ የሰጠውን ምን ይደረጋል" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል!

እዚህ ጋ ጤነኛ ሰው ቢሆን "ለአባቴ ነው" ይላል። አለቀ።

እኔ ምን አልኩ?

"አሜን" አልኩ።

"ማን ትባያለሽ?"

"አልማዝ!"

አልማዝ ከየት መጣች? አላውቅም። ዘመዴም ጓደኛዬም አልማዝ የምትባል የለችም። ጋሽ ምትኩ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሜን ያውቃሉ። ቀና ብለው አዩኝ። በዓይኔ ለመንኳቸው። ሚስማር መቁጠር ጀመሩ። (ይባረኩ!)

ያበቃ መስሎኝ ነበር።

"የክርስትና ስምሽስ? በጸሎት ላስብሽ።"

አሁን ፍረዱኝ። የክርስትና ስም ይዋሻል? እውነተኛ ጢም ቢያበቅልብኝስ?

"ወለተ ሰንበት" አልኩ፣ ትክክለኛውን፣ በሹክሹክታ።

ከዚያ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ እብስ! ብሩሹን እዚያው ትቼ! መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው አልነበረም። "ምን ሆንሽ መምህርት?" ሲሉኝ "ጥርሴን!" እላለሁ። አረፋው በነጠላው ሥር እየወረደ አንገቴ ገብቷል። (ተማሪዎቼ፣ ይሄን የምታነቡ ከሆነ የቤት ሥራችሁን ሥሩ!)

ቤት ገብቼ ታጥቤ ሳልጨርስ ሙሌ ደወለ።

"ስሚ፣ እናቴ ገበያ ላይ ጢም ያበቀለች ልጅ አይታ አንጀቷ ተላውሶ ምሳ አልበላም አለች።"

"ውይ... ምስኪን" አልኩ። (ስለ ራሴ!)

"የነገው ነገር ካለቀ በኋላ ፈልጌ ጸበል እወስዳታለሁ እያለች ነው። አልማዝ ትባላለች አለችኝ። የክርስትና ስሟ ደግሞ ይገርምሻል፣ እንዳንቺው ወለተ ሰን..."

ቃሉን አልጨረሰውም።

እኔ አንገቴ ላይ የቀረውን አረፋ ጠረግኩ።

"አንቺ?"

"ሙሌ፣ ላስረዳህ።"

ሙሌ ሳቀ። ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ፣ አብሮ የወደቀ ይመስለኛል። ስልኩ ለካ ላውድ ላይ ነበር! እየሳቀ ለእናቱ ነገሩን አፈረጠው። እሳቸው አልሳቁም። ድምፃቸው ዝግ ብሎ መጣ።

"ጢሙስ ግድ የለም። ስሟን ለምን ዋሸችኝ?"

እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀ፣ ወገኖቼ። ሴትዮዋ ሽማግሌ የሚልኩት "ጨዋ ልጅ ናት" ተብለው ነው። የመጀመሪያ ቀን፣ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ያውም ስም፣ እሱን ዋሸሁ።

ሽማግሌ ሳይመጣ ልጅቷ ወደ አማቷ መሄድ ነውር ነው። እኔ ግን ነውሩን ገበያ ላይ ጨርሼው ስለነበር ሄድኩ። እህታቸው ቤት ገብቼ በርከክ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ብሩሹ ለአባቴ ነው። ነገ እናንተን ተላጭቶ እንዲቀበል ብዬ ነው። ያን ፊት ይዤ 'ምራትዎ ነኝ' ማለት አሳፈረኝ።"

"ለአባትሽ ብለሽ ነው ፊትሽን እንደዚያ ያደረግሽው?"

"ፊቱ ቶሎ ይቆጣል፣ እማማ። ሁለቴ ገዝቼ ሁለቴም ተሳስቻለሁ።"

አገጬን ያዙና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩኝ። በአውራ ጣታቸው ግራውንም ቀኙንም ዳበሱ።

"የለም" አሉ ለእህታቸው።

እህትየዋም መጥታ ዳበሰች። "አዎ የለም።"

ሙሌም ሊያረጋግጥ ጠጋ ሲል እናቱ እጁን ጠፍ አደረጉት። ያኔ ነው ሳቅ ያመለጣቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔ ደግሞ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አለቀስኩ።

ከዚያ ዘንቢላቸውን ሳብ አድርገው አንድ ነገር አወጡ።

ብሩሹን!

"ጥለሽው ስትሮጪ መግዣው የቸገረሽ መሰለኝ። ባለሱቁን 'እሱ ነው ያለችውን ስጠኝ' አልኩት። ፈልጌ ልሰጥሽ ነበር።" መዳፌ ላይ አኖሩት። "በይ ለአባትሽ ስጪልኝ። እኔን ስትፈሪ ግን ፈራሁ በይኝ እንጂ ሌላ ሰው አትሁኚብኝ።"

"እሺ እማማ።"

ስመለስ አባዬ እስከ ነገ መጠበቅ አልቻለም። መስታወቱን ሰቀለ። ብሩሹን አራሰ፣ አዞረ፣ ጉንጩ ላይ አሳረፈው። ዓይኑን ጨፈነ። እማዬ ልትናገር ስትል በእጁ ዝም አሰኛት። ተላጭቶ ሲጨርስ ፊቱን በመዳፉ ዳበሰ። አልቀላም፣ አላበጠም።

"ከየት አገኘሽው?"

"የሙሌ እናት ናቸው የገዙልህ።"

ፎጣው እጁ ላይ ቀረ። እማዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ብሩሹን አየ።

"ጥሎሹን በእኔ ፊት ጀመሩት በይኛ!" አለ። "አሁን ነገ ሽማግሌዎቹን በምን አፌ 'እስቲ እናስብበት' ልበላቸው?"

እንግዲህ ነገሩ ይሄው ነው። ሌላዋ በወርቅ፣ በሐር ቀሚስ፣ በሠንጋ ትሰጣለች። እኔ በፍየል ጠጉር ብሩሽ አልቄያለሁ።

ትምህርት ከፈለጋችሁ፦ ምራት ጢም ብታበቅል ይታለፍላታል፣ ስሟን ስትቀይር ግን ትያዛለች።

አሁን የእናንተ ተራ ነው። እናንተስ በምን ተሰጣችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ከፍየል ጠጉር በታች የሄደች አንዲት ሴት ካለች ልጽናና!