ለሠርግ የተቀመጠ ቀለም

ለመሆኑ፣ ያለውን እንዳያልቅበት ሳስቶ የሚሸፍን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ደብረ ማርቆስ ላይ የጽሕፈት ሱቅ ያለው አለልኝ እንዲህ ነው። ባለቀለም ፕሪንተሩን የሚያሠራው ለሠርግ ጥሪ ብቻ ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ ማሽኑ በተጠለፈ ጨርቅ ተሸፍኖ ይከርማል። ከእኔ የበለጠ ጾሟል ማለት ነው።

የትልቋ ልጄ ሠርግ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጦ ነበርና፣ በፋሲካ ማግስት ካርድ ላሳትም ሄድኩ። ጨርቁ ተገለጠ፤ ማሽኑ አጓራ፤ ወረቀቱ ግን እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጣ። ዘመዶቼ ሳይጠሩ ሊቀሩ ነው! ማሽን የምትጠግን ሴት ተጠራች።

«ጋሼ፣ ቀለሙ መውጫው ላይ ደርቋል» አለችው። «በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ቢያትሙበት ኖሮ አይደርቅም ነበር።»

«ሳስቼለት እኮ ነው!»

«እንግዲያው ሌዘር ፕሪንተር ይግዙ። የእሱ ቀለም ዱቄት ነው፤ ቢቀመጥም አይደርቅም። ርካሹ ግን ጥቁር ብቻ ነው የሚያትመው።»

«ጥቁር?» አልኩ ደንግጬ። «ልጄን ልድራት ነው እንጂ ልቀብራት ነው እንዴ?»

ጠጋኟ የቀለሙን መውጫ ለብ ባለ ውሃ ስታጥበው ዋለች። መጀመሪያ ቀዩ፣ ቆይቶም ሌላው ቀለም መጣና ካርዱ ታተመ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል፣ አለልኝ ጨርቁን መልሶ እያለበሰው ነው።

«አሁን ድኗል፤ ይረፍ።»

መጠበቅ ማለት አለመንካት ነው ብሎ ማን አስተምሮት ይሆን? ብመክረው አልሰማ አለኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ በመጣሁ ቁጥር ጎራ ብዬ አንዲት ባለቀለም አበባ አሳትማለሁ። ሚስቴ «ግድግዳው ሞላ እኮ!» ትለኛለች።

ይሙላ። ትንሿ ልጃችን ገና አላገባችም።