ሁለት ደቂቃ ለቱርቦው

በየሰፈሩ ከውሻ ጩኸት ቀጥሎ የማይቀር ነገር ቢኖር ሞተር አዋቂ ሰው ነው። መካኒክ ማለቴ አይደለም። መካኒክ እጁ ይቆሽሻል፣ አፉ ግን ያርፋል። የኔ ሰውዬ ተቃራኒው ናቸው። እጃቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጅ ነው፤ ከቀለም ነጥብ በስተቀር እድፍ አያውቅም። አፋቸው ግን ከጧት እስከ ማታ ዘይት ሲቀይር ይውላል።

ሰፈሩ "ክቡር ቱርቦ" ይላቸዋል። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ቱርቦ ያለው የቤንዚን መኪና ገዙ፤ ከዚያ ወዲህ "እንደምን አደሩ?" ብሏቸው በሰላም ያለፈ ሰው የለም።

"አንድ ነጥብ አራት ሊትር ነው" ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። "አንድ ነጥብ አራት ነው ብለህ እንዳትንቀው። መቶ አርባ የፈረስ ጉልበት አለው። ጉልበቱን ደግሞ ገና ከሺህ አምስት መቶ ዙር ጀምሮ ነው የሚሰጥህ። ገባህ?"

አልገባኝም። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ "ገባኝ" እላለሁ።

ቱርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የሚያሽከረክራት ትንሽ ማራገቢያ ናት፤ አየር ጠቅጥቃ ወደ ሞተሩ ትልካለች። በደቂቃ ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ ትዞራለች አሉ፤ እንደ ፍም ትግላለች። የሚያቀዘቅዛት ዘይት ነው። እንደጋለች ሞተሩን ድንገት ካጠፉት ዘይቱ እዚያው ቆሞ ይነድና ጥላሸት ይሆናል። ይህን ያህሉ እውነት ነው፤ የሰፈራችንን መካኒክም ጠይቄዋለሁ። "አቀበት ከወጣ በኋላ ትንሽ ማሳረፉ ደግ ነው" አለኝ። ክቡር ቱርቦ ከዚህች "ደግ ነው" አዋጅ አወጡ። መኪናው የትም ይድረስ፣ ቁልፉን ከማዞራቸው በፊት ሰዓታቸውን ያዩና "ሁለት ደቂቃ። ቱርቦው ይረፍ" ይላሉ። ዳቦ ገዝተው ከማዶ ቢመለሱም ሁለት ደቂቃ ነው።

ባለቤታቸው ግን ለዚህ መላ አግኝተውለታል። መታጠፊያው ላይ ይወርዱና ሽንኩርትና ድንቻቸውን ተሸክመው በእግራቸው ይመጣሉ። ክቡርነታቸው ቱርቦ አሳርፈው ቤት ሲገቡ ድንቹ ተልጦ ያገኙታል።

እኔ እስካሁን መኪና የሌለኝም በሳቸው ነው። ያገለገለ መኪና ልገዛ ስል፣ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ይዣቸው ሄድኩ። ሻጩ ኮፈኑን ከፈተ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሞተሩን እንደ አስከሬን መርማሪ ተመለከቱት።

"ከማጥፋትህ በፊት ስንት ደቂቃ ታሳርፈዋለህ?"

"ማንን?" አለ ሻጩ።

ኮፈኑን ራሳቸው ዘጉት። "እንሂድ" አሉኝ። "ይሄ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው።" ሻጩ እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል።

የመዝገብ ቤት ሰው ናቸውና ማስረጃም አላቸው። በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ በማስመሪያ የተሰመረ ደብተር አለ፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የዕረፍት ደቂቃ፣ ምክንያት። የዕረፍቱ ዓምድ በአራት ዓመት ውስጥ ከላይ እስከ ታች ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ነው። ምክንያት የሚለው ባዶ ነው፤ ሕግ ላልፈረሰበት ቀን ምክንያት አይጻፍም ባይ ናቸው። መካኒኩ ይህን ደብተር ባየ ቁጥር ምሳ ይወጣል፤ በጧትም ቢሆን።

እናቴ ባትኖር ይህን ሁሉ ስቄ አልፈው ነበር። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ሆስፒታል ትሄዳለች፤ የሚወስዱን ክቡር ቱርቦ ናቸው። ቤንዚን ልሙላ ስላቸው "አንተ የምትሞላውን ቤንዚን አላምነውም" ይሉኛል። ሆስፒታሉ አቀበት ላይ ነው። ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት እናቴን ከመኪና ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እሳቸው ደግሞ የሚሠራ ሞተር ያለ ሹፌር ትቶ መውረድን ሰክሮ ከመንዳት እኩል ያዩታል። ስለዚህ እንቀመጣለን። በሩ አሥር እርምጃ ላይ ነው፤ እናቴ ከኋላ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ እሳቸው ስለ ዘይት ውፍረት ያስረዳሉ። እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ።

"ተዋቸው እንጂ" ትለኛለች እናቴ። "ሞተሩም እንደኔው ነው። አቀበት ወጥቶ እንዴት ወዲያው ይቁም?"

"እዚህ መኪና ውስጥ ነገሩ የገባዎት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እማማ" ይሏታል፣ በመስታወቱ እያዩ።

ቤት ስንመለስ ለሚስቴ፣ "አንድ ቀን እናቴ ነፍሷ ሊወጣ ሲል እኒህ ሰውዬ ሰዓታቸውን ያያሉ። ያን ቀን ጉርብትናችን ያበቃል" እላት ነበር። የምሬን ነበር።

ያ ቀን ሐሙስ ከቀትር በኋላ መጣ። እናቴ ወንበሯ ላይ እንዳለች ከንፈሯ ጠቆረ፤ ስጠራት አልመለሰችልኝም። ግድግዳውን በቡጢ ደበደብኩት። ክቡር ቱርቦ በነጠላ ጫማ መጡ። "ሞተሩ ሳይሞቅ ከሁለት ሺህ ዙር በላይ መርገጥ ክልክል ነው" የሚሉት ሰው ገና ከግቢው በር ጀምረው ረገጡት። አቀበቱ ላይ ቱርቦው ሲያፏጭ ሰማሁ፤ በአራት ዓመት ሰምቼው አላውቅም። እኔ ከኋላ እናቴን አቅፌ የምላቸውን እያዘጋጀሁ ነበር። "ሁለት ደቂቃ" ካሉ የምመልስላቸው ስድብ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዕድሜያቸውንም ውለታቸውንም የማይቆጥር ስድብ።

መኪናው ቆመ። ቀና ስል የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል። የኋላው በር ተከፍቶ እሳቸው እናቴን በብብቷ ይዘዋታል።

"እግራቸውን ያዝ" አሉኝ።

አንድ ነጠላ ጫማቸው አስፋልቱ ላይ ቀረ።

ያተረፍናቸው ሁለት ደቂቃዎች ለውጥ አምጥተው እንደሆነ ሐኪሙን አልጠየቅኩትም። መልሱን ፈራሁት። ብቻ እናቴ በዘጠነኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣች።

ወደ ቤት ያመጡንም እሳቸው ናቸው። እናቴና ሚስቴ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። በራችን ላይ ቆሙና ሰዓታቸውን አዩ።

"ሁለት ደቂቃ። ቱርቦው ይረፍ።"

ቁልቁለት እኮ ነው የመጣነው። ደሜ ፈላ። እናቴ ሶፍት ስትጠይቀኝ የዳሽቦርዱን ኪስ ከፈትኩ፤ ደብተሩ ጭኔ ላይ ወደቀ፤ የመጨረሻው ገጽ ተከፈተ። የዚያ ሐሙስ ቀን ተጽፏል። ኪሎ ሜትሩም አለ። የዕረፍት ደቂቃ፦ ዜሮ። ከዜሮው ጎን፣ ለአራት ዓመት ባዶ በኖረው የምክንያት ዓምድ ውስጥ፣ በዚያ በተስተካከለ የመዝገብ ቤት ጽሑፍ አንዲት ቃል ሰፍራለች፦ በቂ።

ስንት ዓመት ሙሉ ሰፈሩን በሳቸው ሳስቅ ኖሬያለሁ። እወዳቸዋለሁ፣ ምን አባቴ ላድርግ። ደብተሩን ዘግቼ ወደ ቦታው መለስኩት።

"ስንት ቀረው?" አልኳቸው።

"አርባ ሰከንድ።"

"ሦስት ደቂቃ ይረፍ እንጂ። ምን አስቸኮለን?"

ክቡር ቱርቦ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ከሁለት ደቂቃ በላይ ቤንዚን ማባከን ነው" አሉ። "አራት ዓመት ሙሉ ሳስተምርህ ምን ስትሰማ ነበር?"