በሻይ ፔርሙስ የተናጠው የጃፓን ውስኪ

ሥዩመ ሚስቱ፣ መዋዔ መንጋጋ፣ ነቃሌ ክራንቻ የተባሉት የጥርስ ሐኪም በቤታችን በአማችነት በተሰየሙ በሦስተኛው ዓመት፣ አባታችን ከድልድይ መሐንዲስነት ጡረታ በወጡ በስድስተኛው፣ የሳሎኑ መጋረጃ በተቀየረ በሁለተኛው ወር፣ በዕለተ እሑድ ከምሳ በኋላ የሆነው ይህ ነው። የጻፍኩትም እኔ የሚስታቸው ወንድም ነኝ፤ ያላየሁትን አልጨመርኩም፣ ያየሁትንም አልደበቅኩም።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት አባታችን እኚህን ጀግና «ዶክተር» እንጂ «ልጄ» ብለዋቸው አያውቁም። የታናሽ እህቴ ባል ግን አንዲት ሥራ ሳይሠራ፣ በሠርጉ ማግስት «ልጄ» ተብሎ ቁጭ አለ! ጀግናውን ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላቸው ነበር፤ ሚስታቸውንማ አትጠይቁኝ።

ወእምዝ አባታችን ከቁም ሳጥን የጃፓኑን ውስኪ አወጡ፤ ይኸውም አብሯቸው ድልድይ የሠራ ጃፓናዊ በስንብታቸው ቀን የሰጣቸው፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚቀመስ፣ አሁን ግን ለአንድ ብርጭቆ የቀረ ነው። እንዲህም ሲሉ አወጁ፦ «ዶክተር በሎሚና በእንቁላል ነጭ የሚናጠውን ውስኪ ሳወር ይችልበታል ብላ ሚስቱ ስታወራ ከርማለች፤ እስቲ ይሥራ። ካበላሸው ግን በዚህ ቤት ሻይ እንኳ እንዳያፈላ!»

ጀግናውም ወደ ኩሽና ዘመቱ። ተከተሏቸውም፦ ሎሚ የታቀፈች ሚስታቸው፤ ለአዲሱ መጋረጃ ሰግተው መወልወያ ያነሡ እናታችን፤ «ጥሬ እንቁላል ሆድ ይበጠብጣል!» እያሉ የሚያውጁ ነርሷ አክስታችን፤ በየደቂቃው ከሚጠፋ ስልክ አሠራሩን የማነብ እኔ። ድመቷም ነበረች፤ ምን እንዳመጣት አላውቅም።

ሎሚውን ጨመቁ፣ ፍሬውን አጠለሉ፣ ስኳሩን በሙቅ ውሃ አሟሙ፣ ውስኪውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ወደ ሻይ ፔርሙስ ገለበጡ። አረፋ የሚያወጣው የእንቁላሉ ነጭ ብቻ ቀረ። አባታችን መሐንዲስ ናቸውና በቤታችን ሁሉ ነገር በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ የተቀቀለ እንቁላልም መስቀለኛ ምልክት ተደርጎበት ከጥሬው ጋር ፍሪጅ ይገባል። ይህን የማያውቅ አማች ብቻ ነው። ጀግናው ምልክት ያለበት ለክብር የተመረጠ መስሏቸው አነሡት፤ እኔም አየሁ፣ ዝምም አልኩ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። በፔርሙሱ ጠርዝ አንዴ መቱት፣ ሁለቴ መቱት፣ በሦስተኛው እንቁላሉ ሎሚ ከነካው ጣታቸው አምልጦ የፔርሙሱን አፍ ውትፍ አደረገው።

ያ ሁሉ ውስኪ ከእንቁላል በታች ታሰረ! ሚስታቸው እህቴ ፊቷን በሎሚ እጇ ሸፈነች፣ ዓይኗም ተቃጠለ፤ እንባዋ ከየትኛው እንደሆነ ግን እናውቃለን።

በዚያች ሰዓት ጀግናው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ሚስታቸው ፔርሙሱን እንደ በሽተኛ ራስ ደግፋ እንድትይዝ አዘዙ፣ ለአክስታችን የስልኬን መብራት አስያዙ፣ «ማንም አይተንፍስ!» ሲሉም አወጁ። የበረዶ መቆንጠጫ አንሥተው፣ ሳይጎትቱ፣ ግራና ቀኝ ቀስ በቀስ እያላሉ፣ ሙሉውን እንቁላል ከነቅርፊቱ ነቀሉት፤ አንዲት ፍርፋሪ አልወደቀችም። ለካስ አባታችን ጉንጫቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል።

ከዚያም ምልክት ከሌለው እንቁላል ነጩን ጨመሩ፣ ክንዳቸው እስኪዝል ናጡ፣ በረዶ ጨምረው ደግመው ናጡ፣ በማጥለያ ቀዱት፤ አረፋውም እንደ ባዘቶ ቆመ። አባታችን ተቀመጡ፣ ቀመሱ፣ ደግመው ቀመሱ፤ ሪዛቸው በአረፋ እንደነጣም አወጁ፦ «ውስኪዬን በሎሚ ገድለኸዋል። ይህች የታች መንጋጋ ጥርሴ ግን ወር ሙሉ አላስተኛችኝም፣ ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ፣ ነገ አንተ ንቀልልኝ።»

እህቴ እናታችን አንገት ላይ ተጠመጠመች። እንግዲህ ትውልድ ይስማ፦ መቆንጠጫቸው የማይስት፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ፣ የታሰረውን ውስኪ የፈቱ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከዶክተርነት ወደ ልጅነት የተሾሙ የእኚህ ጀግና ስም ከፍ ከፍ ይበል!