አንድ ቀሪ

ልጃችሁ ከአሥር ሦስት አምጥቶ ቤት ቢገባ ምን ትሉታላችሁ? እኔ አስተማሪ በነበርኩ ጊዜ ከአሥር ሦስት ያመጣ ተማሪ በማግስቱ ወላጅ ይዞ ይመጣ ነበር። እዚህ አሜሪካ ግን ይጨበጨብለታል። ቤዝቦል ይባላል ጉዱ። ዱላ ይዞ ከቆመባቸው አሥር ጊዜያት ሦስቱን በደንብ የመታ ሰው ጎበዝ ነው፤ ሰባቱን የሚያነሳበት የለም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስንቱን ተማሪ ባላስለቀስኩ።

እንዴት እዚህ ውስጥ እንደገባሁ ልንገራችሁ። ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ስመጣ ኦሎምፒኩ ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነበር። ፒችትሪ ኮርነርስ አንድ የቢሮ ሕንፃ ፓርኪንግ ላይ ሥራ አገኘሁ። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ዮናስ የሚባል፣ እዚሁ ያደገ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው ኢንጂነር ይሠራል። «ጋሼ» እያለ ነው አንተ የሚለኝ፤ ማክበሩ ይሁን መናቁ እስካሁን አልገባኝም። የሕንፃው ሠራተኞች ቅዳሜ ከሰዓት ከሌሎች ሕንፃዎች ቡድኖች ጋር ይጫወታሉ። አንድ ቀን የፓርኪንግ መዝገቤን አየና «ጋሼ፣ ሃንድራይቲንግህ ክሊን ነው፣ ስኮር ያዝልን» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ስም ስጠራ ለኖርኩ ሰው መዝገብ ከሰጡት ሌላ ምን ይፈልጋል?

ሕጉን እንደ ፈተና አጠናሁት። መቺው መትቶ ሮጦ የመጀመሪያው ቤዝ፣ ማለት የመጀመሪያው መርገጫ ላይ በደህና ሲደርስ ጸሐፊው ይፈርዳል። በምቱ ከደረሰ «ሂት» ነው፤ አቬሬጁ ይጨምራል። ተከላካዩ መያዝ የነበረበትን ኳስ አዝረክርኮ ከሆነ ግን «ኤረር» ነው፣ ስህተት። ያን ጊዜ መቺው ቤዝ ላይ ቆሞ እየሳቀ፣ መዝገቡ ላይ እንደ ሳተ ይቆጠርበታል። ጓደኛውን ወደፊት ለማሳለፍ ብሎ ኳሷን ነካ አድርጎ ራሱ ቢቃጠል ደግሞ መሥዋዕት ሆነ ይባልና ምንም አይቀነስበትም። የደረሰው ይቀነስበታል፣ የተቃጠለው ይማራል። ሕግ ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ?

በመጨረሻ ሂሳቡ መግጠም አለበት። ሊመታ የወጣ ሰው ሁሉ ዕጣው ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ይገባል፣ ወይ ዙሩ ሲያልቅ ቤዝ ላይ ይቀራል። ሦስቱ ሲደመሩ ከወጣው ሰው ቁጥር ጋር እኩል ይሆናሉ። ቤዝ ላይ ለቀረው በለመደ እጄ «ቀሪ» ብዬ እጽፋለሁ። ክፍል ውስጥ ቀሪ ማለት ያልመጣ ነው፤ እዚህ ያልሄደ ነው። ልዩነቱ ያኔ አላሳሰበኝም።

የዮናስ አባት አቶ ተስፋዬ ታክሲ ይነዳሉ፣ ማሪዬታ ነው የሚኖሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮታቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ አጥሩ ጥግ ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ጨዋታው አይገባቸውም። ቁጥሩ ግን ከእኔ በላይ ይገባቸዋል። «መምህር፣ ልጄ ስንት ደረሰ?» ነው ሰላምታቸው። ሐኪም ልባቸው መድከሙን ነግሯቸው ከልጃቸው ደብቀው ለእኔ ነገሩኝ። «ከአሥር ሦስት ሲሞላ አይቼ እሄዳለሁ» አሉኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

የጸደዩ ውድድር መዝጊያ ቀን ዮናስ አርባ ዘጠኝ ጊዜ ቆሞ አሥራ አራት መትቶ ነበር። ሃምሳኛውን ቢመታ አሥራ አምስት ከሃምሳ፣ ልክ ከአሥር ሦስት። መታ። ኳሷ ወደ ሦስተኛው ቤዝ በረረች፣ ቀይ ፂም ያለው ተከላካይ ጓንት ውስጥ ገባች፣ ተመልሳ ወጣች። ዮናስ ደረሰ። ጓደኞቹ ጨፈሩ። እኔ «ኤረር» ብዬ ጻፍኩ።

አቶ ተስፋዬ ቀስ ብለው መጡ። «መምህር፣ ስህተቱ የማን ነው?»

«የሰውዬው ነው፣ የቀይ ፂሙ።»

«ታዲያ እሱ በተሳሳተ ከልጄ ላይ ለምን ይቀንሳሉ?»

«ሕጉ ነው አቶ ተስፋዬ» አልኳቸው።

«ለማረም ስንት ቀን አለዎት?»

«አንድ ሳምንት።»

«እንግዲያው እስኪያርሙት ከዚህ አልሄድም» ብለው ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ረቡዕ ዕለት ሞቱ። ቀይ መብራት ላይ ፍሬን እንደረገጡ፣ ታክሲያቸው ውስጥ። ሳምንቱ በለቅሶ አለፈ፣ የማረሚያው ቀንም አለፈ። የሞተ ሰው የመጨረሻ ጥያቄ ላይ «ሕጉ ነው» ማለት እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ። ከብዶኝ ነበር።

የመኸሩ ውድድር ሲጀመር ወንበሩ ያኔ ትተውት እንደሄዱ እዚያው አጥሩ ጥግ ነበር። ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሂሳቤን ስዘጋ የወጣው ሰው ሠላሳ ስምንት፤ የተቃጠለውን፣ የገባውንና ቀሪውን ስደምር ሠላሳ ዘጠኝ። አንድ ቀሪ ይተርፋል። ሰባት ጊዜ ደመርኩት። ድካም ነው ብዬ ተውኩት። በሁለተኛው ቅዳሜም አንድ ተረፈ።

በሦስተኛው ቅዳሜ መስመር በመስመር በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ከዮናስ ስም ሥር፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ በራሴ እርሳስ፣ «ተስፋዬ፣ ቀሪ» ይላል።

ራሴን አባበልኩ። ፈረንጆቹ ዮናስን በአባቱ ስም ነው የሚጠሩት፤ ማልያው ጀርባ ላይም የተጻፈው ተስፋዬ ነው፤ አንዱን ልጅ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ አልኩ። ምን ያደርጋል፣ ያን ቀን ዮናስ በቆመ ቁጥር ተቃጥሎ አንድም ቤዝ አልረገጠም። ቀና ብዬ ወንበሩን አየሁት። ከሰዓቱን ዝናብ ጥሎ ነበር፤ አግዳሚው፣ አጥሩ፣ የእኔም ሱሪ ረጥቧል። ሄጄ መቀመጫውን በመዳፌ ነካሁት። ደረቅ ነው። ሙቀትም ነበረው መሰለኝ፣ ግን እጄን ቶሎ ስላነሳሁ እርግጠኛ አይደለሁም።

ፈራሁ። ለምን እዋሻለሁ? ሰኞ የጸደዩንና የመኸሩን መዝገብ፣ ላጲስም ይዤ ወደ ሥራ ሄድኩ። ሕጉ ይሰበር፣ ኤረሩን አጥፍቼ ሂት እጽፍና ሰውዬው ይረፉ አልኩ። ግን የልጁን ውጤት ልጁ ሳያውቅ መነካካት ደስ አላለኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ዮናስን ወደ ፓርኪንግ ክፍሌ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ የልባቸውን ነገር፣ «አልሄድም» ያሉትን፣ ትርፉን ቀሪ፣ ወንበሩን።

የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር። የመኸሩን መዝገብ ተቀብሎ ያቺን «ተስፋዬ፣ ቀሪ» የምትለውን መስመር ብዙ ጊዜ አያት። አማርኛ ማንበብ የሚችለው ስሙንና የአባቱን ስም ብቻ ነው፤ «ቀሪ»ን እኔ አነበብኩለት።

«ሚኒንጉ ምንድነው፣ ያልመጣ ነው?»

«ያልሄደም ነው» አልኩት።

መዝገቡን መለሰልኝ። ከዚያ «ኦነስትሊ ጋሼ፣ ኤረር ነበር። ጓንቱ ውስጥ ስትገባ አይቻለሁ» አለ።

«ይሁን፣ አርመዋለሁ። አባትህ ይረፉ።»

ላጲሱን ከእጄ ወሰደው። «እስኪታረም አልሄድም ነው ያለው አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እንዳታርመው» አለና ላጲሱን ኪሱ ከቶ ወደ ሥራው ወጣ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስህተት ሳርም እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ያቺን ግን አላረምኳትም። ሊጉ ሂሳብህ ለምን አይገጥምም ሲለኝ የድሮ አስተማሪ ነኝ፣ ዓይኔ ደክሟል እላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት በወንበሩ በኩል አልፍና «እንደምን ዋሉ አቶ ተስፋዬ፣ ልጅዎ ከአሥር ሦስት አልሞላም» እላቸዋለሁ። ከዚያ መዝገቤን ከፍቼ፣ ገና ማንም ሳይመታ፣ አንድ ቀሪ እጽፋለሁ።