ለመሬት አደራ የሰጠነው ውሃ

ይቺ ድስት እስክትፈላ ላጫውታችሁ። ከሰሉ ርጥብ ነው፣ ቶሎ አትፈላም። ብትፈላም ቶሎ አላወርዳትም። ጎረቤቶቼ «ይቺ ልጅ ውሃ እንደ ወጥ ትሠራለች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ውድነሽ ገና ዘጠኝ ወሯ ነው። ከሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። አምና በበጋ ቦኖው ሲደርቅ ከወንዝ ቀድቼ አጠጣሁት። ሆዱን አመመው፣ በሦስተኛው ቀን አጣሁት። ውድነሽ ያኔ ሆዴ ውስጥ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሌላው ሰው ጅብ ሲፈራ እኔ የምፈራው የጠራ ውሃ ነው። የደፈረሰውንማ ማን ያምነዋል?

እና አሁን የማወራችሁ ስለዚያ ጉድጓድ ነው። ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ሜዳው ላይ ያለውን፣ ክዳኑ የተበየደውን። ታውቁታላችሁ።

አንድ ፈረንጅ ሠራተኞችና አስተርጓሚ ይዞ መጥቶ ሲያስቆፍረው ደስ ብሎን ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግን ሰዎቹ ቧንቧ ዘረጉና ከማጣሪያ የመጣ ጥሩ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ይለቁበት ጀመር። ማውጣት አይደለም፣ ማስገባት! እኛ እንስራ ይዘን ቆመን እነሱ መሬት ያጠጣሉ። እትዬ ብርቄ፣ ጎረቤቴ ናቸው፣ አፋቸው አያርፍም፣ «ሰማይ እያጠጣት መሬት ምን ጎደለባት?» አሉ።

አስተርጓሚው ሰብስቦ አስረዳን። በክረምት የሚተርፈው ውሃ ዝም ብሎ ከሚፈስ መሬት ሥር፣ በድንጋዩ መሀል ይቀመጣል አለ። በበጋ በሞተር ተስቦ ይወጣል። ለጊዜው ሙከራ ነው። ከተሳካ ለኛም ለአካባቢው ሁሉ ይበቃል። ካልተሳካ ይዘጋል።

«ሙከራ» የምትለዋን ማንም አልሰማም። «በበጋ ይወጣል» የምትለዋን ግን ደንቆሮውም ሰማ።

እማማ ዘይነባ የሴቶች እቁባችን ሰብሳቢ ናቸው። ገበያ ውስጥ ያረጁ፣ ነገር የሚገባቸው ሰው ናቸው። ወደ ቤት ስንመለስ «እሺ፣ ይውጣ» አሉ። «ሲወጣ ግን ለማን ነው የሚደርሰው? ያልጣለ ሰው ምን ብሎ ይቀበላል?» ሁላችንም ቀጥ አልን። እውነት ነዋ! ባልጣልንበት እቁብ ማን ያውቀናል? ነገሩ ገባን። ማለቴ፣ የገባን መሰለን። ይሄ የውሃ እቁብ ነው፣ ሰብሳቢው ፈረንጅ ነው፣ እኛ ግን ገና አልጣልንም።

ለራሴ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። በበጋ ሰልፉ ላይ ቆሜ «የዚች ልጅ ድርሻ የለም» ሲሉኝ ታየኝ። በቃ፣ አላስቀመጠኝም።

እሑድ ሠራተኞቹ በሌሉበት አንድ እንስራ ውሃ ይዤ ሄድኩ። አፍልቼዋለሁ፣ አቀዝቅዤዋለሁ፣ በነጠላ አጥልዬዋለሁ። ያስቀመጥነውን ነው መልሰው የሚሰጡን ብዬ። ዘበኛው ጋሼ ሽፈራው «ምንድነው የተሸከምሽው?» አሉ። የልጄ ድርሻ ነው አልኳቸው። «ልጅሽ ከኔ ቀድማ ባለርስት ሆነች» ብለው ሳቁና ክዳኑን አነሱልኝ። አፈሰስኩት። ከታች ድምፁ እስኪሰማ ጆሮዬን ደቅኜ ቆየሁ። ሲሰማኝ እንባዬ መጣ።

ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር። ሰኞ ጧት እማማ ዘይነባ ቤት ተናገርኩ። ከዚያ በኋላማ በየሳምንቱ እሑድ ሰልፍ ነው። እማማ ዘይነባ ከአሸንዳቸው ሥር የተጠራቀመውን ይዘው መጡ። የሰፈሩ እርግቦች ጣሪያቸው ላይ ነው የሚውሉት። እትዬ ብርቄ ይባረክ ብለው አመድ የበጠበጡበት ጠበል አፈሰሱ። አንዷ የጠላ እንስራዋን ሳታጥብ አመጣች። ኧረ አፍሉት እንጂ ብላቸው እትዬ ብርቄ «መሬትን ደግሞ ሆድ ቁርጠት ያማታል እንዴ?» አሉና አሳቁብኝ። ጋሼ ሽፈራውም በመጨረሻ ኮዳቸውን ሞልተው የራሳቸውን ጣሉ።

የካቲት ላይ ሞተሩ መጣ። ቦኖው ደርቋል። ውድነሽን አዝዬ፣ እንስራዬን ይዤ ከፊት ቆሜያለሁ። ሞተሩ ጮኸ፣ ቧንቧው አስነጠሰ፣ ውሃው መጣ! እልል አልን። ፈረንጁ ግን በጠርሙስ ሞልቶ፣ አሽጎ፣ እስኪመረመር ማንም እንዳይቀምስ ብሎ ሄደ።

በሳምንቱ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ። ደግሞ ቀዳ፣ ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ። ንጹሕ አስገብቶ ቆሻሻ ማውጣቱ ግራ አጋብቶታል። አስተርጓሚው «እናቶቼ፣ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ የጨመራችሁት ነገር አለ? ካለ ንገሩን፣ አጥበን እንደገና እንሞክራለን» አለ።

ዝም። እትዬ ብርቄ ሳይቀሩ ዝም! ጋሼ ሽፈራው «እኔ እያለሁ ዝንብ አያልፍም ጌታዬ» አሉ። ኮዳቸውን በካፖርታቸው ሲሸፍኑ አየሁ። እኔስ? ከፊት ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ሽፈራው አምስት ልጆች አሏቸው፣ በኔ አፍ ከእንጀራቸው ሊወጡ ነው። ደግሞ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ውድነሽ አለቀሰች። እሷን ላባብል ብዬ ዞርኩ። እስክዞር አስተርጓሚው ደብተሩን አጥፎ ነበር።

ከዚያ ክዳኑን በየዱት፣ ወረቀትም ለጠፉበት። ከሴቶቹ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ስድስት ወር በማታ ትምህርት። «አንብቢልን» አሉኝ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላቸው። የዚህ ቦታ መሬት ውሃ በንጽሕና ማቆየት ስላልቻለ ሙከራው ቆሟል፣ ይላል።

«ጥፋቱ የማን ነው ይላል?» አሉ እማማ ዘይነባ።

«የመሬት» አልኩ።

ሁሉም ተነፈሱ። ማንም የማንንም ፊት አላየም። እትዬ ብርቄ ክዳኑን በእግራቸው ረገጡና «አደራ በላ!» አሉት። መሬት ምን ትመልስ? ዝም አለች። እንደኛ።

የፈረንጁ መኪና ወደ አስኮ በኩል ሄዷል ይባላል፣ እዚያም ሊሞክሩ። ከውድነሽ አባት ደብተር አንድ ቅጠል ቀድጄ «ክዳኑን ቆልፉት» ብዬ ልልክላቸው ጽፌ ነበር። ከሥሩ ስም መጻፍ ሲደርስ ጣቴ እንቢ አለኝ። ወረቀቷ እሳት ማያያዣ ሆነች። ይኸው ይቺን ድስት የጣድኩት በሷ ነው።

ወንዙ ድረስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ዛሬ ሁለቴ ወረድኩ።

ፈላች። አውርጃት አትሉኝም? ትንሽ ትቆይ። አንድ ጊዜ አፍልቼ የት እንዳፈሰስኩት ሰምታችኋል፤ ከዚያ ወዲህ የራሴን እጅም አላምን።