የሰይድ አውራ ጣት

ስለ እግሩ አውራ ጣት ግማሽ ቀን የሚያወራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ሰይድ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ዱባይ ሄዶ፣ ቤት ውስጥ ለስፖርት በተሠራ የመወጣጫ ግድግዳ ላይ መውጣት ተምሮ ተመለሰ። አሁን የአምባሰል ገደል ላይ እንደ እንሽላሊት ተለጥፎ፣ «ሐሳብህን ሰብስብ፤ እያንዳንዱ ጣትህ የት እንዳለ እወቅ» ይላል። ጣታችን ጠፍቶብን ያውቃል እንዴ? እጮኛዬ ዘሃራ ግን አፏን ከፍታ ታዳምጠዋለች።

አንድ ቀን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቅናቴ ገደሉ ላይ አወጣኝ። ገና የሁለት ሰው ቁመት ያህል እንደወጣሁ ድንጋዩን አቅፌ ቆምኩ። ሰይድ ከላይ ሆኖ ወገቤ ላይ የታሰረውን ገመድ ይዞ፣

«አብሽር! ሐሳብህ የት ነው?» አለኝ።

«ጣቴ ላይ!»

ወላሂ ዋሸሁ። ሐሳቤ ታች ቆማ እሱን የምታየው ዘሃራ ላይ ነበር።

አጠገቧ የነበሩት የሰፈራችን አሮጊት እማማ ጦይባ ሳቁ።

«በጦርነቱ ጊዜ ከተኩሱ ስሸሽ በዚሁ በኩል ነው ጠቦት አዝዬ የወጣሁት። ጣቴን ማን አስታውሶት!»

ሰይድ ይህን ሲሰማ ገመዴን ዛፍ ላይ አስሮ፣ በጎን ባለው መንገድ እየሮጠ ወረደ።

«እማማ፣ እግርዎን የት የት ነበር ያሳረፉት?»

ዘሃራም ልትሰማ መሃላቸው ገባች።

እኔ እዚያው ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ያን ጊዜ አሥሩም ጣቶቼ የት እንዳሉ በደንብ አወቅሁ። ዘሃራ ግን አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም።