ውሃ ተቀበሉን

ትናንት እንቅልፍ እንደወሰደኝ ያየሁት ሕልም ይኸው፦ የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ ጀሪካን ተሸክመው በራችን ላይ ተሰልፈዋል። ሰልፉ ከቆርቆሮ በራችን ይነሳና የኮብልስቶኑን መንገድ ጨርሶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ከዚያ ወዲያ አይታይም። ጀሪካኖቹ ሁሉ ሙሉ ነበሩ። በባዶ የተሰለፈ አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ በፒጃማ ነበርኩ። እነሱ ግን ከረባት አስረዋል።

በሩ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ መስኮት ተከፍቷል። መስኮቱ መስታወት አለው፤ መስታወቱ ደግሞ ለአፍ ብቻ የምትበቃ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ከመስታወቱ ጀርባ እናቴ ተቀምጣ ለውዝ እየፈለፈለች ትበላለች።

«ቀጣይ!» አለች ቀና ሳትል።

ከሰልፉ ፊት የነበረው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አፉን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋ። አወቅሁት። አቶ ይርዳው ነው፣ የቅርንጫፉ ኃላፊ። ትናንት ጠዋት፣ በእውኑ ዓለም ማለቴ ነው፣ ቢሮው ሄጄ በመስታወት መስኮቱ ቀዳዳ አነጋግሬው ነበር። ቧንቧችን ጠብ ካላለ ወር አልፎታል። እህቴ ትርሲት አራስ ናት፤ ሕፃኗን የምናጥብበት አጥተን ከሌላ ሰፈር በጀሪካን እናመላልሳለን። ቧንቧው ደርቆ ለከረመበት ወር ግን ሂሳብ መጥቶብናል፤ ያውም መኪና እጥበት የከፈትን ይመስል። «ቆጣሪ አንባቢው በራችሁ ተዘግቶ ስላገኘው በግምት ሞላው» አለኝ አቶ ይርዳው። አራስ ያለችበት ቤት ሰው አይታጣበትም፣ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ብትወጣ እንኳ ትርሲት ከቤት አትወጣም ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። «መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ ቅሬታህን አቅርብ» አለና ፊቱ ካለው የታሸገ ውሃ ተጎነጨ።

በሕልሜ ግን አቶ ይርዳው በከረባቱ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ሙሉ ጀሪካን ታቅፎ ይለማመጣል።

«እትዬ ዘርፌ፣ እባክዎን ውሃ ተቀበሉን።»

«ሲስተም የለም» አለች እናቴ።

«ትናንትም የለም ብለውኝ ነበር።»

«የትናንቱ ትናንት ነው የሌለው። የዛሬው ደግሞ ዛሬ ነው የሌለው።»

«እጄ ዛለ፣ እናቴ።»

«አስቀምጠዋ።»

«መሬት ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው የሚል ተለጥፏል እኮ።»

«ተለጥፎ እያየህ ታዲያ እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ?»

ከኋላው ያሉት አጉረመረሙ። አንዲት የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ «ኧረ ወንድም፣ እኛም ሳይነጋ ነው የመጣነው!» አለችው። አንዱ ደግሞ ወረፋ እንዲይዝለት ድንጋይ አስቀምጦ ሄዶ እንደነበር፣ ድንጋዩ ግን መጠበቁ ሰልችቶት ወደ ቤቱ እንደገባ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይናገራል።

ይህን እያየሁ ሳለ ግቢያችን ቆጣሪ ገባ። ቆጣሪ አንባቢው አይደለም፤ ራሱ ቆጣሪው። በሁለት አጫጭር ቱቦዎች እየተራመደ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

«ቤቶች!» አለ።

«አቤት» አልኩ።

«ሰው ላነብ ነበር። አሉ?»

«አለሁ። ይኸው ቆሜያለሁ።»

«ችኮላ የለም። ከሌሉ እስኪመጡ እጠብቃለሁ።»

«አለሁ እኮ እያልኩህ ነው!»

«እሱስ አሉ። ግን ምናልባት ሐሳብዎ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደሆነ፣ እስኪመለስ ብዬ ነው።»

አፌን አስከፍቶ በአንድ ዓይኑ ጉሮሮዬን አየና «ደረቅ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የልብስ ማስጫውን ገመድ አነበበ። ሳፋውን አነበበ። በረንዳው ላይ የቆመውን ባዶ በርሜል ሲያነብ መስታወቱ በላብ ተሸፈነ፤ ወይም አለቀሰ። «ይቅርታ፣ በሥራ ሰዓት ማልቀስ አልተፈቀደልንም» አለና በፒጃማዬ እጅጌ ዓይኑን ወለወለ።

«በግምት አትሞላም እንዴ?» አልኩት።

«ግምት ምንድን ነው?»

«ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ መጻፍ ነው።»

«በስመ አብ!» አለ ቆጣሪው። «እንዲህ የሚያደርግ ሰው አለ?»

ልነግረው አፌን ስከፍት መንገድ ላይ ነበርኩ። ዝናቡ ከመሬት ወደ ላይ ይዘንባል። ሰዎች ዣንጥላቸውን ዘቅዝቀው እግራቸው ሥር ይዘው ይሄዳሉ። የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ተቀባዮች በየበሩ እየዞሩ «ዝርዝር አለን! መልስ ያለው! መልሱን ያልወሰደ!» እያሉ ይጮኻሉ። አንዷ ሮጣ ደረሰችብኝና ሳንቲሞች በመዳፌ አስጨበጠችኝ። «አባትህ በሕይወት እያሉ ረስተውት የሄዱት ነው» አለችኝ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ከዚያን ጊዜ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

ሳንቲሞቹን ጨብጬ ቀና ስል ቅሬታ ሰሚ አዳራሽ ውስጥ ነኝ። አዳራሹ የእኛው ሳሎን ነው፤ ስፋቱ ግን የስታዲየም ያህል ሆኗል። ከፍ ካለ ወንበር ላይ የትርሲት ልጅ በፎጣ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ገና ስም ስላልወጣላት ሚጣ ነው የምንላት። ከፊት ለፊቷ «ቅሬታ ሰሚ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። በቀኟ ጎረቤታችን ጋሽ ባይለየኝ፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር፣ አስተርጓሚ ሆነው ቆመዋል።

መጀመሪያ የቀረበችው የፍሳሽ ክፍል ኃላፊዋ ነበረች። በእውኑ ዓለም ከበራችን ፊት ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ሞልቶ መንገዱ ላይ ይፈሳል። በሕልሜ ግን ፍሳሹ ሽቅብ ነው የሚፈሰው።

«ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ!» አለች ጫማዋን በእጇ እንደያዘች። «ምንጣፌን አበላሸው። እባካችሁ የመምጠጫ መኪናውን ላኩልኝ።»

ሚጣ አዛጋች።

«መኪናው ጋራዥ ነው ትላለች» አሉ ጋሽ ባይለየኝ። «ደግሞም የእርስዎ ቢሮ ካርታው ላይ የለም።»

«ኧረ እኔ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው የምውለው!»

«መዋልዎን የሚመሰክር ሰው ይዘው ይምጡ ትላለች። የሚመሰክረው ሰውም ቢሮው ካርታ ላይ ያለ መሆን አለበት።»

ሴትዮዋ ጫማዋን ታቅፋ እያነባች ወጣች። ቀጥሎ አቶ ይርዳው ገባ።

«ክብርት ሚጣ፣ ውሃ አምጥቻለሁ» አለ። «ንጹሕ ነው። ተቀበሉኝና ልሂድ።»

ሚጣ ለቅሶዋን ለቀቀችው። አዳራሹ ተናወጠ። ሠራተኞቹ በድንጋጤ ጀሪካኖቻቸውን አዝለው፣ እሹሩሩ እያሉ ወዲያና ወዲህ መወዝወዝ ጀመሩ። ዋና ሂሳብ ሹሙ ሳይቀር ተወዘወዘ።

«ምን አለች?» ሲል ጠየቀ አቶ ይርዳው።

«መጀመሪያ ክፈል፣ ከዚያ ውሃህን እንቀበላለን ነው የምትለው» አሉ ጋሽ ባይለየኝ።

«ስንት ልክፈል?»

«ብር አይደለም የተጠየቅከው። ጠዋቶቹን መልስ ትላለች። ዘርፌ ጀሪካን ይዛ የቆመችባቸውን ጠዋቶች።»

አቶ ይርዳው ቦርሳውን ከፍቶ ከውስጡ አንድ ጠዋት አወጣ። ጤዛ አርፎበታል፤ ወፍ ይንጫጫበታል፤ ትንሽ ማኪያቶ ማኪያቶ ይሸታል። እናቴ ከመስኮቷ ተነስታ መጣችና ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው አገላብጣ አየችው።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች። «እዚህኛው ላይ ተቀምጠህበታል። የኔዎቹ ቆሜባቸው ነው ያለፉት።»

ሌላ ጠዋት አወጣ። ሌላም አወጣ። በሁሉም ላይ የወንበር ምልክት ነበር። ቦርሳው ባዶ ሲሆን ገልብጦ አራገፈው፤ አንድ የጥርስ መጎርጎሪያ ብቻ ወደቀ።

እውነቱን ለመናገር አዘንኩለት። የጀሪካኑ እጀታ መዳፉ ላይ ሰንበር አውጥቶበታል። ያንን ሰንበር በደንብ አውቀዋለሁ፤ እናቴ እጅ ላይ አለ። እኔ ደግሞ ማንም ሰው፣ የበደለኝም ቢሆን፣ ከልኩ በላይ ሲቀጣ ማየት አልወድም። ስለዚህ ጣልቃ ገባሁ።

«እማዬ፣ በቃው» አልኳት። «እሱም ሰው ነው። ደክሞታል።»

ዞር ብላ አየችኝ። በዚያ ሁሉ በተገለባበጠ ነገር መሐል ያ አስተያየቷ ብቻ እንደነበረ ነው።

«እኔን በቃት ያለ ማን ነው?» አለች።

የአባቴን ሳንቲሞች ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም ወገን መስማት አስተማሩህ። ደግ አደረጉ። እኔን አንድ ቀን የሰማኝ ወገን የትኛው ነው?»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ያዘንኩት ሐዘን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነነ። አቶ ይርዳውን ከረባቱን ልይዘው ምንም አልቀረኝ።

«አበባ ልናጠጣ ነው ያልንህ?» አልኩት። «መዋኛ ልንሠራ ነው ያልንህ? የአንዲት ሕፃን ገላ ነው! ከክንዴ የማትረዝም ልጅ! አጥበን ብናስተኛት ካንተ ምን ይጎድልብሃል?»

«ቤታችሁ አራስ መኖሯን ማን ነገረን?» አለ በቀጭኑ።

«እኔ! ትናንት! ፊትህ ቆሜ!»

«በመስታወት ነበራ የማይህ» አለ። «በመስታወት ሲታይ ሰው ትንሽ ነው።»

ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ግን ፊቱን ሳየው ከልቡ ነው፤ እንደዚያ ነበር የታየሁት። ይህ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አንገበገበኝ።

ሚጣ ለቅሶዋን ድንገት አቆመችና እግሯን ከፎጣው አወጣች። ጋሽ ባይለየኝ ጎንበስ ብለው አዳመጧት።

«እግሬ ቆሽሿል ትላለች» አሉ። «ስለዚህ ክርክሩ ይቆይ፣ ውሃው ይምጣ።»

ሰልፈኛው በሙሉ እልል አለ። ወንዶቹ ከሴቶቹ በልጠው እልል አሉ። ትርሲት ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ሳፋውን አምጥታ አስቀመጠች። አቶ ይርዳው ተንበርክኮ ጀሪካኑን አዘነበለ። ሳፋ ውስጥ የሚወርድ ውሃ ድምፅ ሰማሁ። ይህን ድምፅ ናፍቄው እንደነበር እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላወቅሁም። አቶ ይርዳው ሙቀቱን በክርኑ ለካ፣ በቃ ሲል ራሱን ነቀነቀ። ሚጣ እግሯን ወደ ውሃው ዘረጋች። አውራ ጣቷ ሊነካው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ሲቀረው—

«መጣ! መጣ!»

እናቴ ናት፤ ግቢው ውስጥ ሆና ትጮኻለች። ነግቷል። ባልዲ አንስቼ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ጋሽ ባይለየኝ የእናቴን ጩኸት ሰምተው ባዶ ጀሪካን በእጃቸው ይዘው ደርሰዋል። እናቴ ሳፋውን ቧንቧው ሥር ደቅናለች። ቧንቧው ተንቀጠቀጠ፤ አሳለ፤ የዛገ ጭቃ ትፍ አለ። ከዚያ መንፋት ጀመረ። ፊሽሽሽ እያለ፣ ሳያቋርጥ፣ ደረቁን ነፋ።

«አየሩ ነው» አሉ ጋሽ ባይለየኝ። «መስመሩን ሲለቁት አየሩ ይቀድማል። ውሃው ከኋላው ሊመጣም ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል።»

ጎንበስ ብለው ቆጣሪውን አዩና «ውይ!» አሉ። ቀዩዋ ቀስት እየበረረች ነው። ወር ሙሉ ባሉበት የቆሙት ቁጥሮች ይገለባበጣሉ።

«አየርም ይቆጥራል እንዴ?» አልኳቸው።

«እሱ ምን ቸገረው ልጄ። ያለፈበትን ይቆጥራል።»

ዋናውን መዝጊያ ልዘጋ እጄን ሰደድኩ። እናቴ አንጓዬን ያዘችኝ።

«ተው! ከኋላው ውሃው ቢመጣስ?»

«ባይመጣስ፣ እማዬ? የንፋስ ሂሳብ ልንከፍል ነው እኮ!»

«ቢመጣስ?» አለች። አያያዟ ጠበቀ።

እጄን መለስኩ። ሦስታችንም ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብለን እንጠብቃለን። ቧንቧው ይነፋል፣ ቀስቷ ትበራለች፣ ሳፋው ውስጥ ያለችው ጭቃ መድረቅ ጀምራለች።

ትርሲት በሩ ላይ ብቅ አለች። ውሃ መጣ ሲባል ሰምታ የሕፃኗን ልብስ አውልቃ በፎጣ ጠቅልላታለች፤ ሳሙናውንም ይዛለች።

«እሰይ!» አለች። «ስንት ቀዳችሁ?»

እናቴ ሳፋውን አየች። እኔ ቆጣሪውን አየሁ።

«እስካሁን አንድ ሜትር ኪዩብ» አልኳት።